አባባ ምን እየበላ ነው ላልሽኝ

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እማዬ፣ እንዴት ነሽ ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን አባባም ደህና ነው አሁን ምሳውን በልቶ ተኝቷል። ማሙሽ፣ ለእማዬ ቀስ ብለህ አንብብላት እንደ ዜና አንባቢ አትሩጥባት፣ ስለ ስኳሩ የጻፍኩት ጋ ስትደርስም እንዳትዘል፣ ስትዘል ድምጽህ ያስታውቅብሃል።

እማዬ በደወልሽ ቁጥር "ምን እየበላ ነው?" ትያለሽ፣ እሱ ደግሞ ስልኩን ከእጄ ነጥቆ "በልተናል በልተናል ካርድ አትጨርሺ" ብሎ ይዘጋብሻል፣ በኢንተርኔት ነው የምትደውለው ብዬ ስንቴ ብነግረው አያምንም፣ ካርድ እየቆጠረ ነው በቃ። ስለዚህ እሱ እስኪነቃ ድረስ ከመጀመሪያው ጀምሬ ልጻፍልሽ ብዬ በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ፣ ሙቀቱ አይጣል ነው ባንኮክ ጥቅምትም ሆኖ ዝናቡ አልወጣም፣ ይዘንባል ከዛ ልብስሽ ሰውነትሽ ላይ ይጣበቃል።

ስለ አይኑ ባጭሩ፣ የግራው ጥሩ ሆኗል ብላለች ዶክተሯ፣ ሐሙስ ለቁጥጥር እንሄዳለን ከዛ እሱ ወደናንተ እኔ ወደ ዱባይ። ሆስፒታሉ አማርኛ የሚያስተረጉም ልጅ ስላለው እኔ ካሰብኩት በላይ ቀሎናል፣ አባባ እንደውም ልጁን የማን ዘር ነህ እያለ ሲያደክመው ነው የሚውለው።

ገንዘቡን ግን ታውቂዋለሽ። እኔ ከሳሎን ሥራዬ ያጠራቀምኩትም እነ አጎቴ ከአሜሪካ ያዋጡትም ሆስፒታል ገብቶ ቀርቷል፣ ለምግብ የተረፈኝን ለ21 ቀን ሳካፍለው ለሁለታችን በቀን 300 ባት ሆነ። አንድ ዶላር ወደ 32 ባት ነው፣ አስር ዶላር እንኳን አይሞላም ማለት ነው። ለሁለት ሰው፣ ያውም አንዱ ስኳር ያለበት፣ ያውም ጽጌን ካልጾምኩ ያለ። የንስሐ አባቱ "አንተ በሽተኛ ነህ፣ ጽጌ ደግሞ የፈቃድ ጾም ነው" ሲሉት እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ እሱ ግን "እመቤቴ በስደት ስትንከራተት ምን በላች?" ነው መልሱ። ምን ትዪዋለሽ።

የገባን ቀን ማታ እንጀራ አለ። ናና የሚባል ሰፈር አለ ሱኩምቪት መንገድ ላይ፣ ሶይ 3 ይሉታል፣ ሶይ ማለት የኛ ቅያስ በይው ጎዶሎ ቁጥሮቹ በአንድ በኩል ሙሉዎቹ በሌላ በኩል ናቸው። እዛ ስትገቢ ታይላንድ መሆንሽን ትረሺዋለሽ ታፔላው ዓረብኛ ሽታው ሺሻና ሽቶ፣ እኔ ዱባይ ዴይራ ሰፈር ተመልሼ የሄድኩ ነው የመሰለኝ፣ ለህክምና የሚመጣው ዓረብ እዛ ስለሚያርፍ ነው፣ የሀበሻ ምግብ ቤትም አለ። በያይነቱ ለሁለት ከሻይ ጋር 700 ባት። እንጀራው ደህና ነበር፣ ሽሮው ግን ያንቺን የሚያውቅ ሰው የሚያወራው አይደለም። አባባ እጁን እየታጠበ "በኛ ስንት ነው?" ሲለኝ ሦስት መቶ ብር አልኩት። ሲመጣ እንዳትነግሩት።

በማግስቱ ብልጥ ሆንኩ። ያሸግሽልን ሽሮ አለ አይደል፣ ክፍላችን ውስጥ ደግሞ ያለው አንድ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ብቻ ነው፣ ሽሮውን በጥብጬ ማፍያው ውስጥ ከተትኩት። መጀመሪያ ደህና ነበር ተንተከተከ ደስ አለኝ፣ ከዛ ቂጡ ያዘ ከዛ አረረ ከዛ በክዳኑ እየተረጨ ግድግዳው ላይ ወጣ፣ ሽታው ኮሪደሩን ሞላውና የሪሰፕሽኗ ልጅ እየሮጠች መጣች፣ አባባ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ በአንድ አይኑ እያየኝ "ማማሰያ የለውም እኮ" ይለኛል። ማፍያውን 500 ባት አስከፈሉኝ። በሁለት ቀን 1200 ባት፣ የአራት ቀን ምግብ ማለት ነው ቆጥረሽው ከሆነ። በሶው ግን ባረከን፣ በሶ ምንም አይፈልግም ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ፣ ጠዋት ጠዋት እስከ ዛሬ እሱን ነው የምንበጠብጠው።

እዚህ ምግብ የለም እንዳይመስልሽ። እማዬ ይሄ ህዝብ ሲበላ ነው የሚውለው፣ የእግረኛ መንገዱ በሙሉ ጋሪ ነው አንዱ ይጠብሳል አንዱ ይቀቅላል፣ ሰዉ ትንሽ ትንሽ እያለ በየሰዓቱ ይበላል። ዋጋውም ቢሆን 50 ባት ይዘሽ ጠግበሽ ትነሻለሽ። ችግሩ ሁሉም ነገር ውስጥ ናም ፕላ አለ፣ ዓሳ በጨው ተብላልቶ የወጣ ውሃ ነው ለነሱ እንደ ጨው ማለት ነው፣ አትክልት ብቻ ነው ብለው የሚሰጡሽ ራሱ ውስጥ አለ። ዓሳ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም፣ አባባ አይበላም አለቀ። "ማይ ሳይ ናም ፕላ" የሚለውን አጠናሁ፣ ናም ፕላ እንዳትጨምሪ ማለት ነው፣ እሺ ይሉሻል ፈገግ ይሉልሻል ከዛ የደረቀ ሽሪምፕ ይነሰንሱበታል ምክንያቱም እሱን አትጨምሪ አላልሽም። አንድ ቀን የፓፓያ ሰላጣ ገዛሁለት፣ ጥሬ ፓፓያ በሙቀጫ ወቅጠው የሚሰሩት ነው፣ አፉ ጋ ሳያደርሰው በአፍንጫው ብቻ አወቀው።

አሁን ዋናው ወሬ ይመጣል። በሦስተኛው ቀን ከሆስፒታል ስንመለስ፣ አይኑ በፋሻ ታስሮ ክንዴን ይዞ ቀስ እያለ እየሄደ፣ ድንገት ቆመና "ይቺ ምንድናት? አስራ ሰባት ትላለች" አለኝ። አንድ ቀጭን ሶይ መግቢያ ላይ ከጋሪ በላይ የተሰቀለች ሦስት ማዕዘን ቢጫ ባንዲራ፣ ላይዋ ላይ በቀይ ተጽፏል፣ እውነትም 17 ነው የሚመስለው። "አስራ ሰባት እስጢፋኖስ ነው፣ እስቲ እንግባ" አለ፣ እኔ ደክሞኛል ጸሐይ ነው እንሂድ እያልኩት። ስልኬን አውጥቼ ስፈልግ ለካ ቁጥር አይደለም ፊደል ነው፣ ጄ ይባላል። የነሱ ጾም ነው እማዬ! ስጋ የለም ዓሳ የለም እንቁላል የለም ወተት የለም፣ ቢጫው ባንዲራ ያለበት ቤት ናም ፕላም አይገባም። አትክልት ብቻ የሚሉት ሌላ ቃል አላቸው ማንግሳዊራት የሚሉት፣ እሱ ግን እንቁላልና ወተት ይፈቅዳል፣ ሁለት ቀን የተሸወድኩት በዛ ነው፣ የኛን ጾም የሚያህለው ጄ ነው። እንደውም ከኛ ይብሳል፣ ነጭ ሽንኩርትም ቀይ ሽንኩርትም አይገባበትም። ይሄን ስነግረው አባባ በጣም ነው ያሳቀው፣ "ሽንኩርት የሌለው ወጥ! እናትሽን እዚህ ነበር ማምጣት" አለ። ዝንጅብልና እንጉዳይ ቁንዶ በርበሬና አኩሪ አተር ነው ጣዕሙን የሚሰጡት፣ ብታዪው አታምኚም ሽንኩርቱ ጭራሽ ትዝ አይልሽም።

ሴትዮዋ ያንቺ እድሜ ትሆናለች፣ ቁመቷ አጭር ነው ጸጉሯን በሻሽ ታስረዋለች፣ ፊት ለፊቷ አስር የሚሆን ትሪ ተደርድሯል በጣትሽ ታሳያታለሽ እሷ ሩዝ ላይ ታደርግልሻለች፣ ሩዝ ከሁለት አይነት ጋር 50 ባት፣ ሦስት አይነት ከፈለግሽ 60። እኔ "ኪን ጄ ካ" አልኳት ጄ ነው የምበላው ማለት ነው፣ ካ የሴት ትህትና ነው መጨረሻ ላይ ካልጨመርሽው ልክ ይሉኝታ እንደሌለሽ ነው። አባባ አንዱን ትሪ አሳየ፣ ቡናማ ነው በሶስ የተለወሰ። ምንድነው ስላት "ፔት ጄ" አለችኝ። ፔት ሲሉ ያቃጥላል ማለት እንደሆነ አውሮፕላን ላይ አጥንቻለሁ፣ "ያቃጥላል ነው የምትለው አባባ፣ ይመችሃል" አልኩት። አንድ ጊዜ ጎረሰ፣ ዝም አለ፣ ከዛ ቀስ ብሎ ናፕኪን ላይ ተፋውና "ልጄ ይሄ ስጋ ነው፣ ቆዳ ሁሉ አለው" አለኝ። ፊቱ ጠቆረ። እኔ ምድር ብትከፈት በወደድኩ። ሴትዮዋ ገብቷት እየሳቀች መጣች፣ ባንዲራውን አሳየችው፣ ከዛ ከስር ካርቶን አውጥታ ስንዴ የተሳለበት እሽግ አሳየችው፣ ከስንዴ የተሰራ የውሸት ስጋ ነው። ለካ ፔት ዳክዬም ማለት ነው! ድምጹን ትንሽ ሲቀይሩት ያቃጥላል ይሆናል ትንሽ ሲቀይሩት ዳክዬ ይሆናል፣ ለኔ ጆሮ ሁለቱም አንድ ናቸው። የጾም ዳክዬ ነው የበላው። እስካሁን አይነካውም፣ "ዳክዬ ለመምሰል ይሄን ያህል ከለፋ ሐሳቡ ጾም አልጾመም" ይላል።

በማግስቱ ግን እሱ ራሱ ነው እንሂድ ያለው፣ ኪሱ ውስጥ ያንቺን ሚጥሚጣ በላስቲክ ቋጥሮ ይዟል። ቶፉው ላይ ሲነሰንስ ሴትዮዋ አየችው፣ ቶፉ አይብ የሚመስል ከአኩሪ አተር የሚሰራ ነገር ነው። እጇን ዘረጋች፣ ትንሽ አደረገላት፣ በጣቷ ጫፍ ቀመሰች ከዛ ደገመች፣ አይኗ ውሃ ሞላና "ፔት!" አለች። አባባ ወደኔ ዞሮ "ዳክዬ ነው ትላለች" አለኝ። ከዛ ቀን ወዲህ ጓደኛሞች ናቸው፣ እሷ በታይ ታወራለች እሱ በአማርኛ ይመልስላታል፣ ግማሽ ሚጥሚጣሽ እሷ ጋ ነው ያለው ይቅር በይን።

ስለ ስኳሩ ልንገርሽ፣ ማሙሽ እዚህ ጋ ነው። በአምስተኛው ቀን ሲሞቀው ብርቱካንማ ቀለም ያለው በበረዶ የሚጠጣ ሻይ ገዛሁለት ቻ ዬን ይሉታል፣ ሻይ ነው ብዬ ነው ሌላ ምን ላስብ። ለካ ግማሹ ስኳርና የቆርቆሮ ወተት ነው። ማታ ስለካው 290። እኔ ሲያልበኝ እሱ የተናደደው በስኳሩ አይደለም፣ "ወተት አጠጣሽኝ?" ነው ያለኝ። ለእመቤታችን ይቅርታ እስኪጠይቅ አንድ ሰዓት ቆሟል፣ በዛ ጉልበቱ። ከዛ ወዲህ "ማይ ሳይ ናምታን" ሳልል አልገዛም፣ ስኳር እንዳትጨምሩ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ስኳር ወጥ ውስጥም ይጨምራሉ፣ የኑድል ቤት ጠረጴዛ ላይ አራት ዕቃ ይቀመጣል ደቃቅ በርበሬ፣ ኮምጣጤ በቃሪያ፣ ናም ፕላ በቃሪያ፣ አራተኛው ስኳር ነው፣ ቀልድ አይደለም ሾርባቸው ላይ ይነሰንሱታል። ሩዙንም አስቀንሰናል፣ ሴትዮዋ አሁን ሳንነግራት ለሱ ግማሽ ሩዝ አድርጋ ጎመን የሚመስለውን ቅጠል ታበዛለታለች፣ ፓክ ቡንግ ይሉታል ግንዱ ውስጡ ባዶ ነው ሲታኘክ ይንኮሻኮሻል፣ በትልቅ እሳት ላይ ለአፍታ ነው የሚያገላብጡት። ባለፉት አራት ቀናት ጠዋት ከ140 አልዘለለም።

ቀናችን ምን ይመስላል ካልሽ ጠዋት በሶ፣ አንዳንዴ ከጋሪ ትኩስ የአኩሪ አተር ወተት ያለ ስኳር በ15 ባት፣ ምሳ እስጢፋኖስ ጋ (ስሟን አውጥተንላታል) ለሁለታችን 100 ባት፣ እራት ደግሞ ከሷ ገዝተን በላስቲክ ይዘን እንገባለን፣ ላስቲኩን አየር ሞልተው በጎማ እንዴት እንደሚያስሩት ብታዪ፣ ወጥ ተሸክመሽ ጠብታ አይፈስሽም፣ አባባ ማሰሪያ ጎማውን ሰብስቧል ምን እንደሚያደርግበት አላውቅም። ሲደብረን ደግሞ አሶክ ስቴሽን ጋ ተርሚናል 21 የሚባል ሞል አለ ላይ ፎቅ ላይ ፉድ ኮርት አለው፣ ሞል ስለሆነ ውድ መስሎኝ ፈርቼ ነበር፣ ከመንገድ ዳር እኩል ነው፣ መጀመሪያ ካርድ ላይ ብር ታስሞያለሽ ከዛ በየመስኮቱ ትገዣለሽ የቀረሽን ስትወጪ ይመልሱልሻል፣ የጄ መስኮትም አለው። ኤሲ ስላለው ሁለት ሰዓት ብትቀመጪም ማንም ተነሺ አይልሽም። ውሃ የምንቀዳው መንገድ ላይ ከቆመ ማሽን ነው በ1 ባት አንድ ሊትር ያህል ይቀዳልሻል፣ አባባ ጀሪካን ግዢ ብሎኝ ነበር በህይወቴ ባንኮክ ውስጥ ጀሪካን ተሸክሜ አልሄድም አልኩት።

ፍራፍሬ ደግሞ ተቆርጦ በበረዶ ላይ ተደርድሮ በጋሪ ይሸጣል። ማንጎና አናናሱን ለስኳሩ ብዬ ከለከልኩት ፊቱን አዙሮ ያልፋል፣ ዘይቱና ግን እንበላለን፣ እዚህ ዘይቱና ትልቅ ነው የልጅ ጭንቅላት ነው የሚያክለው፣ አረንጓዴውን ሳይበስል ነው የሚቆርጡት እንደ ካሮት ይሰበራል፣ በ20 ባት አንድ ላስቲክ። ስሙ ምን እንደሆነ ገምቺ። ፋራንግ! ነጩንም ሰው ፋራንግ ነው የሚሉት፣ የኛው ፈረንጅ ማለት ነው እኮ አንድ ቃል ነው። አባባ ይሄን ከሰማ ጀምሮ በየቀኑ ከሰዓት "ልጄ ፈረንጅ አልበላንም ዛሬ" ይላል፣ ሊፍት ውስጥ ፈረንጅ ቆሞ ሳለ ራሱ።

ባንዲራው መጀመሪያ አንድ ብቻ ነበር። ከዛ ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ስንነሳ ከተማው ሁሉ ቢጫ ሆኖ አገኘነው፣ የሆስፒታሉ ካፌ ላይ ሱቁ ላይ ሴቨን ኢለቨን ውስጥ ሳይቀር እሽጉ ላይ 17። ለካ በቻይናዎች የጨረቃ አቆጣጠር ዘጠነኛው ወር ሲገባ ዘጠኝ ቀን የሚጾሙት ጾም አላቸው፣ ቻይናዎቹ ያመጡት ነው። በጣም የሚደምቀው ያዋራት የሚባለው የቻይና ሰፈር ነው ሲሉን በምድር ውስጥ ባቡር ዋት ማንግኮን የሚባል ስቴሽን ወረድን። ስንወጣ ምን ብናይ ጥሩ ነው፣ ሰዉ በሙሉ ነጭ በነጭ ለብሷል፣ ሽማግሌው ህጻኑ፣ ጧፍ የሚመስል ነገር ይዘው። አባባ ደረጃው ላይ ቆመና ዝም ብሎ ሲያይ ቆየ፣ "ነጠላዬን ይዤ መምጣት ነበረብኝ" አለ።

ከዛ ግን ሐሳብ ገባው። ለጣዖት የተሰዋ ቢሆንስ አለኝ፣ እውነቱን ነው መቅደሳቸው ፊት ለፊት ምግብ ተደርድሯል። እኔ ረሃቤን ነው የማውቀው፣ እሱ ግን ሌላ ቦታ ይጠበሳል ይሸጣል ቢባልም እዛ ሰፈር አልበላም አለ፣ ተጠብሶ ጭሱ አፍንጫችን ስር እያለፈ፣ የእንጉዳይ ጥብስ፣ የተጠበሰ ቶፉ፣ ጣሮ የሚሉት የኛው ጎደሬ። አንዲት ሴትዮ የነጻ ልትሰጠው ዘረጋችለት፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ እምቢ አላት። እኔ በልቤ በልቼዋለሁ። ተመልሰን እስጢፋኖስ ጋ ነው የበላነው። "እሷ በዓል ሳይሆንም ጾም ነች" አለኝ፣ እኔ መልስ አልነበረኝም።

በዓሉ ካለቀ ሦስት ቀን ሆኖታል፣ ሌሎቹ ባንዲራቸውን አውርደው የአሳማ ጥብሳቸውን ቀጥለዋል፣ ካፌውም ሱቁም ወደ ቀድሞው ተመልሷል፣ የሷ ብቻ እዛው ተሰቅላ አለች ትንሽ ጸሐይ የበላት። እስከ ዛሬ ያወጣነውን ትናንት ማታ ደመርኩት፣ የማፍያውንና የናናን ስትተዪው በቀን ወደ 260 ነው የሚመጣው። አልከሳም እማዬ ሚዛን ላይ አውጥቼዋለሁ፣ ግማሽ ኪሎ ጨምሯል እንደውም።

ማሙሽ የስኳር መለኪያው ወረቀት ሊያልቅ ነው፣ እዚህ ውድ ስለሆነ እሱ ከመምጣቱ በፊት ከመርካቶ አንድ ፓኬት ገዝተህ ጠብቅ። ቦሌ ስትቀበሉት ሻንጣው ውስጥ ብዙ የላስቲክ ማሰሪያ ጎማ ታገኛላችሁ እንዳትጥሉበት። እማዬ ዶሮ እንዳታርጂ ጽጌ እስከ ኅዳር 5 ነው አልፈታም ብሏል፣ ሽሮ ይበቃዋል፣ በሽንኩርት።

ተነሳ። ጫማውን እያደረገ "አስራ ሰባት እስክትዘጋ ነው የምትጽፊው?" ይለኛል፣ እውነቱን ነው ዘጠኝ ተኩል ሆኗል ሴትዮዋ አስር ሰዓት ላይ ጋሪዋን ትገፋለች፣ እራታችንን ሳልይዝ ልቀር ነው፣ ቀሪውን ማታ እደውልልሻለሁ።

ልጅሽ